የለቀቅኸው ቡድን ዛሬ የት ነው?

አንድ ሰው ነበር። ምሳ ሰዓት ደርሶ የሥራ ባልደረቦቹ ሲወጡ እሱ አይወጣም። በፌስታል ያመጣትን ዳቦ ከኮምፒውተሩ አጠገብ ያስቀምጥና፣ ካርታ የሚሠራበትን ገጽ ዘግቶ ሌላ ገጽ ይከፍታል። ምን ይመስላችኋል የሚከፍተው? ቅርጫት ኳስ።

አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄ ነበር። በኋላ ነው የከፋኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጨዋታው ኢንተርኔት ላይ ነው። ኳስ አትወረውሩም፣ አትሮጡም፤ አሠልጣኝ ነው የምትሆኑት። የሌለ ዩኒቨርሲቲ፣ ያልተወለዱ ተጫዋቾች ይሰጧችኋል። ትመለምላላችሁ፣ ታሠለጥናላችሁ፣ ማን እንደሚሰለፍ ትወስናላችሁ፤ ግጥሚያውን ኮምፒውተሩ አጫውቶ ውጤቱን ይነግራችኋል። ተጋጣሚያችሁ ግን እውነተኛ ሰው ነው። አንዱ ማኒላ ተቀምጧል፣ አንዱ ናይሮቢ፣ አንዱ እዚሁ ሐዋሳ። አምስት ሳምንት አንድ የውድድር ዘመን ይባላል። አንድ ተጫዋች አራት ዘመን ተጫውቶ ይመረቅና ስሙ ከዝርዝሩ ይወጣል።

ሁሉም የሚጀምረው ከታች ነው፣ ማንም ከማያውቀው ትንሽ ቡድን። የውድድር ዘመኑ ሲያልቅ ለሦስት ቀን «ክፍት የሥራ ቦታ» የሚል በር ይከፈታል። አሠልጣኝ የሌላቸው ቡድኖች ይደረደራሉ፣ እናንተም ሲቪያችሁን ታስገባላችሁ። አዎ፣ ሲቪ! እዚያም ከሲቪ አልተገላገልንም። ስንት ጊዜ አሸነፍክ? ጥሎ ማለፉ ላይ እስከ የት ደረስክ? ለተጫዋቾችህ የገባኸውን ቃል ጠብቀሃል? ኮምፒውተሩ ይመዝንና ወይ «ይበቃሉ» ወይ «አይበቁም» ይላል።

ይህ ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከላይኛው ምድብ አንድ ቡድን አለ፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ነው፣ እኔ በእኛ አፍ ነጭ ግንብ እለዋለሁ። በዚያ ጨዋታ ውስጥ ካሉት ሦስት መቶ አሠልጣኞች አንዱ ብቻ የሚቀመጥበት ወንበር ነው። እዚያ ወንበር ላይ መቀመጥ፤ ሌላ ምኞት የለውም። ሚስት የለው፣ ልጅ የለው። በመሥሪያ ቤቱ የደረጃ ዕድገት ሲወጣ ሦስት ጊዜ ታልፏል። ሰው እውነተኛው ቦታ ላይ ሲታለፍ፣ ሌላ ቦታ ይቆጠርልኝ ይላል። እኔ አልፈርድበትም። እናንተስ ያልተቆጠረላችሁን የት ወስዳችሁ ነው የምታስቆጥሩት?

ሲቪ እንዴት እንደሚያምር ደግሞ ቶሎ ገባው።

የመጀመሪያ ቡድኑ ድንጋይ ሜዳ ይባላል። ይህንንም ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አራት ዘመን ቆየበት። በአራተኛው ዘመን ዋና ዋናዎቹ ተጫዋቾች በሙሉ ተመራቂዎች ነበሩ፤ የበሰሉ፣ የሚያሸንፉ። በዚያ ጨዋታ ለአሠልጣኝ በቀን የተወሰነ የሥራ ሰዓት ይሰጠዋል፤ ወይ ለልምምድ ያውለዋል፣ ወይ አዲስ ልጆች ይመለምልበታል። የአንደኛ ዓመት ልጅ ደግሞ ዘንድሮ አያሸንፍም። የሚያሸንፈው ሲበስል፣ ከሦስት ዘመን በኋላ ነው። ሰውዬው ያን ጊዜ እዚያ አይኖርም። ሲቪው ላይ የሚጻፈው የዘንድሮው ነው።

እናም እንዲህ አለ፦ «ለማን ብዬ?»

ይህችን ቃል ያዙልኝ። ለማን ብዬ?

ሰዓቱን በሙሉ ለልምምድ አዋለው። አንድም ልጅ አልመለመለም። ድንጋይ ሜዳ በዚያ ዘመን ዋንጫ በላ፣ ሲቪው አማረ፣ ሰውዬው ወደ ሁለተኛው ምድብ ከፍ አለ። ድንጋይ ሜዳ ውስጥ የቀሩት ሦስት ተጫዋቾች ናቸው። ሲጎድል ኮምፒውተሩ ራሱ ዘጠኝ ማሟያ አስገብቶ ይሞላዋል፤ ማሟያ ማለት ኳስ ከእጁ የሚያመልጠው፣ ለቁጥር ብቻ የሚቆም ማለት ነው።

አሁን ሁለተኛውን ሰው ላስተዋውቃችሁ። የመጀመሪያው ሰው «ታሪኩን ይንገሩ፣ ስሜን ግን ይተዉልኝ» ብሎኛል። ሁለተኛውን ግን በስሙ እጠራዋለሁ፣ ስሙ ሊጠራ የሚገባው ሰው ነው። ዱካሌ ይባላል። ባለቤቱ ታደለች ፈቅዳልኛለች።

ዱካሌና ያ ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት የካርታ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ዘጠኝ ዓመት ሠርተዋል። አንዱ የወንዙን መስመር ሲያሰምር ሌላው መንገዱን ያሰምራል። ከዚያ የዱካሌ ኩላሊት እምቢ አለ። ሥራ ቀረ። በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል ሄዶ፣ ክንዱ ላይ ሁለት መርፌ ተሰክቶ፣ ደሙ በመኪና እየታጠበ አራት አራት ሰዓት ይቀመጣል። ከእናንተ መካከል ያን ክፍል የምታውቁት አላችሁ። መኪናው ሲጮህ ሁሉም ቀና ብሎ የእኔ ነው ወይ ይላል።

ያ ሰው መጀመሪያ ላይ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ ይጠይቀው ነበር። አንድ ቅዳሜ እንዲህ አለው፦

«አንተ ሰው፣ ጣሪያ ስታይ ከምትውል ቡድን ልስጥህ።»

«የምን ቡድን?»

«ባለ ዋንጫ! በቀደም የለቀቅኩት ነው፣ ወንበሩ ክፍት ነው። ከእጄ ወደ እጅህ።»

«እኔ እኮ ቅርጫት ኳስ በሬዲዮ እንኳ ሰምቼ አላውቅም።»

«እኔ አለሁልህ። አይዞህ።»

ስልኩ ላይ ጭኖለት ሄደ። ዱካሌ ደስ አለው። ለነርሷ ነገራት፣ ከጎኑ ለሚታጠቡት ነገራቸው፦ «ጓደኛዬ ባለ ዋንጫ ቡድን ሰጠኝ።»

ያ ሰው ለእኔ ሲነግረኝ ምን አለ መሰላችሁ? «ፓስተር፣ ባዶ መሆኑን ረስቼው አልነበረም። አውቀው ነበር። ለታመመ ሰው ጊዜ ማሳለፊያ ነው፣ ለእሱ ምን ልዩነት አለው ብዬ ነው።»

ለእሱ ምን ልዩነት አለው! ወገኖቼ፣ ስንቱን ነገር ነው እንዲህ ብለን የሰጠነው? የማንለብሰውን ልብስ። ተርፎን የምንገድለውን ሰዓት። ያላሰብንበትን ጸሎት። ሰጪ ተብለናል፣ ተመስግነናል፣ ሳጥኑን ስንሰጥ ባዶ መሆኑን የምናውቀው እኛ ብቻ ነን።

በመጀመሪያው ዘመን ድንጋይ ሜዳ ሃያ ሰባት ጊዜ ተጫወተ። ሃያ ስድስቱን ተሸነፈ። ዱካሌ በቴሌግራም ጻፈለት፦ «ሃያ ስድስቱን ወሰዱብን። አንዷን ማን አዝኖልን እንደተወልን እንጃ።» ያ ሰው መልእክቱን ለቢሮው ሰው ሁሉ አሳየ፣ ሳቁ። ዱካሌም ቢኖር አብሮ ይስቅ ነበር፣ እንደዚያ ዓይነት ሰው ነው። ግን ለምን ሦስት ልጅ ብቻ አገኘሁ ብሎ አልጠየቀም። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም።

ይልቅ ስለ ሌላው ይጠይቅ ጀመር። «ይሄ ረጅሙ ልጅ ይሻለኛል ወይስ ያ ፈጣኑ? ለልጁ በሁለተኛው ዓመት አሰልፍሃለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ፣ ባላሰልፈው ምን ይሆናል?» ያ ሰው መጀመሪያ ሁለት ሦስት መስመር ይመልስለት ነበር። ከዚያ የአውራ ጣት ምልክት ብቻ ሆነ። ከዚያ እሱም ቀረ። ጥሎ ማለፉ ቅዳሜ ላይ ይውል ነበርና የቅዳሜው ጥየቃም ቀረ። «ውድድር አለብኝ» ብሎ ጻፈለት። ዱካሌ ምን ብሎ መለሰ? «አይዞህ፣ አሸንፍ። እኔ የትም አልሄድም።»

ያ ሰውም አሸነፈ። ሁለተኛው ቡድን ላይ ሁለት ዘመን፣ ሦስተኛው ላይ ሁለት ዘመን፣ አራተኛው ላይ ሁለት ዘመን። በየቦታው የመጨረሻው ምልመላ ሲደርስ ያችው ቃል፣ ለማን ብዬ? በየቦታው ዋንጫውን ለሲቪው ይዞ፣ ማሟያውን ለሚመጣው ትቶ ይወጣል። ማታለል አይደለም እኮ፣ ሕግ አልጣሰም። ብልጥ አሠልጣኝ ተባለ። ነጭ ግንብ አንድ ደረጃ ብቻ ቀረው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የጨዋታው ባለቤቶች ከአንድ ዘመን በፊት ረጅም ማስታወቂያ አውጥተው ነበር። ከታች «አንብቤ ተረድቻለሁ» የሚል ሣጥን አለ። ያ ሰው ሣጥኑን ነካ፣ አለፈ። እናንተ ደግሞ አንብባችሁ የምትነኩ ይመስል አትዩኝ! ማስታወቂያው የሚለው ግን ይህን ነበር፦ ከእንግዲህ በአሠልጣኝ ሲቪ ላይ አንድ መስመር ይጨመራል፣ ክብደቱም ከማሸነፍ እኩል ነው። መስመሩ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። የለቀቅኸው ቡድን ዛሬ የት ነው?

በዚህ መሐል ዱካሌ ሐሙስ ቀን ሞተ።

ዓርብ ቀበርነው። ቅዳሜ የጨዋታው ዘመን አለቀ። እሑድ ሥራ መፈለጊያው በር ተከፈተ፤ የነጭ ግንብ አሠልጣኝም በቃኝ ብሎ ወንበሩን ለቀቀ። ያ ሰው የጠበቀው ቀን ነው። ጠዋት ሲቪውን አስገባ። ከሰዓት በኋላ ለቅሶ ቤት መጣ።

እኔም ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። ከእሱ ሁለት ወንበር ዘልዬ ነው የተቀመጥኩት። ጋቢው ሥር ስልክ ሲነካካ አየሁት፣ ተናደድኩም። ለዘጠኝ ዓመት ጓደኛህ አንድ ቀን ስልክህን መዝጋት ያቅትሃል? አልኩ በልቤ። እኔ ቁጡ ነኝ፣ ታውቁኛላችሁ። ተነሥቼ ልናገረው ስል ድንገት ጮኸ። እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? ጎንበስ ብሎ፣ ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደዚያ ያለቀሰ ወንድ አላየሁም። ሰዎች ደግፈው አወጡት። «እውነተኛ ጓደኛ ነው፣ በደንብ አለቀሰለት» አሉ እናቶች። እኔም ተጸጽቼ ተከትዬው ወጣሁ፣ ትከሻውን ያዝኩ፣ እኛ ፓስተሮች የምንለውን ሁሉ አልኩት። ወደ ዕረፍቱ ሄዷል፣ ከሥቃይ ተገላግሏል፣ ታውቁታላችሁ።

ቀና ብሎ አየኝና «ፓስተር፣ ለእሱ አይደለም ያለቀስኩት» አለኝ።

ስልኩን ሰጠኝ። እንግሊዝኛውን እሱ እያነበበልኝ አየሁት። ያሸነፈው ብዛት፦ እጅግ ከፍተኛ። ጥሎ ማለፍ፦ እጅግ ከፍተኛ። ቃል መጠበቅ፦ መካከለኛ። ከዚያ አዲሱ መስመር። የለቀቋቸው ቡድኖች ዛሬ ያሉበት፦ አንዱ ከምድቡ መጨረሻ ላይ ነው። አንዱ በአራት ዘመን አራት አሠልጣኝ ሸሽቶታል። አንዱ፣ ድንጋይ ሜዳ፣ በእግሩ ቆሟል። ለነጭ ግንብ አይበቁም። ከዚያ በትንሹ ጽሑፍ፦ ድንጋይ ሜዳ በእግሩ ባይቆም ኖሮ አሁን ላሉበት ወንበርም አይበቁም ነበር።

ገባችሁ? በዚያ ሰው ሲቪ ላይ ካለው አዲስ መስመር ደህና የሆነው አንዱ ነገር የእሱ ሥራ አልነበረም። መርፌ ክንዱ ላይ ተሰክቶ በአንድ እጁ ስልክ የሚነካካ በሽተኛ ሰው የሠራው ነው። እሱ ባዶ አድርጎ የሰጠውን፣ ዱካሌ ዘመን በዘመን፣ ልጅ በልጅ ሞላው። በስድስተኛው ዘመን ድንጋይ ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሸነፈው ያሸነፈው በለጠ። ያ ሰው ይህን አያውቅም ነበር። ገጹን ከፍቶ አይቶት አያውቅማ!

እዚያው ድንኳኑ ደጃፍ ላይ የድንጋይ ሜዳን ገጽ ከፈተልኝ። «አሠልጣኝ፦ የለም» ይላል። ዘመኑ ሲያልቅ ውሉን ያላደሰ ወንበሩ ክፍት ይሆናል፣ ዱካሌም አላደሰም። ከሥሩ የተጫዋቾቹ ስም ተደርድሯል። አሥራ ሁለት። ማሟያ የሚባል አንድም የለበትም። ከመጨረሻ ያሉት አራቱ አንደኛ ዓመት ናቸው። ከስማቸው ትይዩ የተመለመሉበት ቀን ተጽፏል። ማክሰኞ።

ማክሰኞ መለመላቸው፣ ሐሙስ ሞተ።

በማግስቱ ሳይሆን በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ያን ሰው ይዤ ታደለች ዘንድ ሄድኩ። ድንኳኑ ገና አልተነሣም። ሳሎኗ ውስጥ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ስለ ጨዋታው ስጠይቃት ፈገግ ልትል ሞከረች።

«እሱን ተዉት ፓስተር፣ በዚያ ነገር ስንት ቀን ተጣላን! ያን ማክሰኞ እጁ አብጦ ጣቱ አይታዘዘውም ነበር። ስልኩን የያዝኩለት እኔ ነኝ። እዚህ ንኪልኝ፣ እዚያ ንኪልኝ፣ ይሄን ልጅ ክፈቺው፣ ያንን ዝጊው ይለኛል። ሐኪሙ ጠዋት ነግሮናል እኮ። ቁርጡን ነግሮናል። አንተ ሰውዬ፣ የሚያድጉት ከስንት ወር በኋላ ነው ትላለህ፤ ለማን ብለህ ነው? አልኩት።»

ያ ሰው ቀና አለ። ያችን ቃል ከእሷ አፍ ሰማት።

«ምን አለሽ?» አልኳት።

«የሚመጣው ሰው ባዶ ቤት እንዳይገባ ነው አለኝ። ማን ነው የሚመጣው ብለው፣ እኔ ምን አውቃለሁ አለኝ። ቀጥሎም፣ ባዶ ቤት መግባት ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ አለ። ያኔ ስለ ምን እንደሚያወራ አልገባኝም፣ መድኃኒቱ ነው የሚያናግረው ብዬ አለፍኩት።»

ያ ሰው ፍራሹ ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ «ባዶውን ቤት የሰጠሁት እኔ ነኝ» አላት። ሁሉንም ነገራት። ታደለች ትቆጣለች ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«እሱ እንኳ» አለች፣ «ጓደኛዬ ባለ ዋንጫ ቡድን ሰጠኝ እያለ ነው ለሰው ሁሉ ሲያወራ የኖረው። እስከ መጨረሻው እንደዚያ ነው ያወራው።»

ከዚያ ወጣን። በሩ ላይ ያ ሰው ቆመና «እኔ እይዘዋለሁ» አለኝ። «ነጭ ግንብ ይቅር። ድንጋይ ሜዳ ተመልሼ ልጆቹን አሳድጋቸዋለሁ፣ እስኪመረቁ አልንቀሳቀስም።» ደስ አለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለስብከት የሚሆን መጨረሻ አገኘሁ ብዬም ደስ አለኝ። ስልኩን አወጣ፣ ገጹን ከፈተ።

ወንበሩ ተይዟል። ሰኞ ዕለት አንድ የማናውቀው ሰው፣ ከየት አገር እንደሆነ እንኳ ያልጻፈ፣ ቀድሞ ወስዶታል። የቡድኑ መልእክት መለዋወጫ ላይ አንድ ነገር ጽፏል፦ «በዚህ ጨዋታ ውስጥ ብዙ ቡድን ተረክቤያለሁ፣ እንዲህ ሞልቶ ያገኘሁት የለም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ማን ነው? የሚያውቀው ካለ አመስግኑልኝ።»

ማንም አልመለሰለትም ነበር። ያ ሰው አንድ ነገር ጻፈ፣ አጠፋው። ሌላ ጻፈ፣ አጠፋው። ባጃጆች እየጮሁብን መንገድ ዳር ቆመናል። በመጨረሻ ይህን ብቻ ጽፎ ላከ፦ «ስሙ ዱካሌ ነው።»

ያ ሰው ዛሬም በአራተኛው ቡድኑ ላይ አለ። ደስተኛ ነው ብዬ አልዋሻችሁም። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደዚያ ሆስፒታል እየሄደ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይቀመጣል። ልብህ ቀለለህ ወይ ብዬ ጠይቄው አላውቅም፣ እንዳልቀለለው ፊቱ ላይ አያለሁ። የረፈደ ነገር አለ ወገኖቼ። ይቅርታ ይገኛል፣ አምናለሁ፤ ወንበሩ ግን ተይዟል። ቅዳሜዎቹ አይመለሱም። ይህን ሳልነግራችሁ ይቅርታውን ብቻ ብሰብክላችሁ እኔም ባዶ ሣጥን ሰጪ ነኝ።

ስለ ራሴም ልናገር። ከዚያ ቀን በኋላ ያ መስመር አላስተኛ አለኝ። እዚህ ከመምጣቴ በፊት በአንዲት ትንሽ ከተማ አራት ዓመት እንዳገለገልኩ ታውቃላችሁ። ስሟን አልጠራም። እናንተ ልትጠሩኝ እንደሆነ ስሰማ በዚያ አንድ ዓመት ያህል ቀርቶኝ ነበር። የሚሰብኩ ሁለት ወጣቶች ነበሩ፣ ላስተምራቸው ጀምሬ ነበር። ተውኩት። በዚያ ዓመት ትልቅ ጉባኤ አዘጋጀሁ፣ ሰው ጎረፈ፣ ፎቶ ተነሣን። ወጣቶቹን ለማስተማር ጊዜ አልነበረኝም። ለማን ብዬ?

ረቡዕ ጠዋት ደወልኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ደውዬ አላውቅም። ሽማግሌው፣ አቶ ጫፎ፣ ድምፄን ለዩት። «ፓስተር! ደህና አሉ? እኛ እኮ ስናነሣዎት ነው የምንውል!» አሉ። የቤተ ክርስቲያኑን ነገር ጠየቅኳቸው። «ከተዘጋ ሦስት ዓመቱ ነው» አሉ። «የሚያስተምር ጠፋ፣ ሰዉም ተበተነ። አሁን የማኅበሩን በቆሎ እናስቀምጥበታለን። ዝናብ አያስገባም፣ ጥሩ ቤት ነው።»

ጥሩ ቤት ነው አሉኝ፣ ሊያስደስቱኝ ብለው።

ለእናንተ ባስገባሁት ሲቪ ላይ ግን ምን ይላል? ሽማግሌዎች፣ እናንተ አንብባችሁታል። «ሁለት መቶ አርባ ምእመናን» ይላል። ውሸት አይደለም፣ ያን ጊዜ ነበሩ። በዚያ ወረቀት ነው ይህን መድረክ የሰጣችሁኝ። የምትሰሙኝ ከበቆሎው ላይ ቆሜ ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ። አስተማሪዎች፣ ልቀቁ ሲባል ክፍሉን እንዴት አድርጋችሁ ነው የተዋችሁት? ከመሥሪያ ቤት ስትወጡ የምታውቁትን ለተተኪው ያሳያችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ? ወይስ ይቸገር፣ ያኔ ዋጋዬን ያውቃል አላችሁ? የመዘምራን መሪ የነበርሽው እህቴ፣ አንቺ ከወጣሽ በኋላ ድምፅ የሚያወጣ አሠልጥነሻል ወይስ ካንቺ በኋላ ዝም እንዲል ነው የፈለግሽው? ትዳር ፈትታችሁ ልጅ ለአንዳችሁ የተዋችሁ፣ ያ ልጅ ዛሬ የት ነው? አልከሳችሁም። ማን ሆኜ ነው የምከሳችሁ? እየጠየቅኩ ነው።

ስንት አሸነፍክ ተብለን ስንጠየቅ ኖረናል፣ መልሱም በቃላችን ነው። ዱካሌ ሃያ ስድስት ጊዜ ተሸንፏል። ጌታ ሲቀበለው ያንን አንሥቶ የጠየቀው አይመስለኝም። ስለ አራቱ ልጆች ግን፣ እነዚያ ስለሌሉት፣ ስላልተወለዱት አራት ልጆች፣ የጠየቀው ይመስለኛል።

አንድ ነገር ደግሞ አስቡ። ለዱካሌ ሐኪሙ ነግሮታል። የመጨረሻው ምልመላ እንደሆነ አውቆ ነው የመለመለው። እኔና እናንተ አልተነገረንም። ይህ ሳምንት የመጨረሻው ይሁን አይሁን አናውቅም፤ ሰዓታችንን በሙሉ ለዘንድሮው ዋንጫ እያዋልነው ነው። ከእኛ በኋላ አንድ የማናውቀው ሰው በሩን ከፍቶ ይገባል። ምን ያገኛል? ከእኔ በፊት የነበረው ማን ነው ብሎ ይጠይቅ ይሆን? ወይስ ሃያ ስድስት ጊዜ ተሸንፎ፣ ስለ እኛ ዝም ይል ይሆን?

ዛሬ ለዘማሪዎቹ መዝሙር እንዳይጀምሩ ነግሬያቸዋለሁ። አምስት ደቂቃ በጸጥታ እንቀመጣለን። እያንዳንዳችሁ የለቀቃችሁትን አንድ ቤት፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ሰው አስቡ። ስልክ ቁጥሩ ካላችሁ ስትወጡ ደውሉ፤ ወንበሩ ተይዞ እንደሆነም እወቁት።

የለቀቃችሁት ቡድን ዛሬ የት ነው? አሜን አትበሉኝ። መልሱልኝ።